ሽምግልና በደም ጠጪዋ ግንብ ሥር

እኔ ቢያድጌ ልብስ ሰፊ ነኝ። ኑሮዬ ደብረ ታቦር ገበያ ዳር፣ ከአንድ የስፌት መኪና ኋላ ነው። አገር ለአገር መዞር ከሥራዬም ከጠባዬም አይገጥምም። ይሁንና ባለፈው ጥር ማለቂያ ላይ ከእብናት ማዶ ያለውን የእመቤት ግንብ አይቼ ተመልሻለሁ፤ ያየሁትን ሳልጽፍ ብቀር ደግሞ ሆዴ አይችለውም። ግንቡን በስሙ የምታውቁት ትኖራላችሁ። እኛ ልጆች ሆነን ስናስቸግር "ለእመቤቲቱ ነው የምሰጥህ" እየተባልን ነው ያደግነው። ሄዶ ያየው ግን ጥቂት ነው፤ ወደፊትም ብዙ ሰው ይሄዳል ብዬ አላስብም። መንገዱ በእግር ነው፣ ቁልቁለቱም ጉልበት ይፈታል።

ወሬው እንዲህ ነው። በድሮ ዘመን የአንድ ባላባት ሚስት ባሏ ዘመቻ ወርዶ ሲቆይባት፣ ሲመለስ አርጅታ እንዳያገኛት ብላ የአሽከሮቿን ደም መጠጣት ጀመረች ይባላል። ባሏ አልተመለሰም፤ እሷም ሞታ እንኳ አልተወችም። በግንቡ ያረፈ መንገደኛ ጥቂት ሰንብቶ በአፍንጫው ደም ይወርደዋል፣ ይገረጣል፣ አንዳንዱም ይሞታል። ከግንቡ ሥር የሚኖሩትን ቤተሰቦች ግን ምንም አይነካቸውም። ለምን ቢባል፣ ደም ያቀርቡላት የነበሩት የገረዶቿ ዘር ስለሆኑ ነው ይላሉ።

ከነዚህ ሰዎች የተወለደች የሺ የምትባል ልጅ ደብረ ታቦር መጥታ መዋዕለ ሕፃናት ታስተምራለች። የእህቴ ልጅ ሙሉቀን ወደዳት። እህቴ አስናቁ የልጅቱን አገር በሰማች ቀን ሰው እንደሞተባት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀመጠች። ስንት ለምነናት በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ተቀበለች። የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም አያ ውብሸት ሽማግሌ ሆነው ይሄዳሉ፤ ቤቱን አይተው "ደህና ሰዎች ናቸው" ካሉ እሺ፣ "አይሆንም" ካሉ ሙሉቀን የሺን ይርሳ። ልጁ እግሬ ላይ ወድቆ አብሬያቸው እንድሄድ ለመነኝ። አልዋሽም፣ እኔም ፈርቼ ነበር። ነገር ግን ለሙሽራዋ ካባ የሚሆን ጨርቅ በሆዴ መርጬ ጨርሼ ነበርና እንቢ ማለት አቃተኝ።

ሐሙስ ጠዋት ብርዱ አጥንት ሲሰብር መናኸሪያ ተገናኘን። አያ ውብሸት የታጠቁትን ብታዩ ጦርነት የሚወርዱ ይመስላችኋል። በአንገታቸው ነጭ ሽንኩርትና ጤናዳም የተቋጠረበት ጨርቅ፣ በኪሳቸው ጠበል፣ በአቁማዳ በሶ፣ በእጃቸው ደግሞ አፉ ድረስ የሞላ የውሃ ጀሪካን።

"ጀሪካኑ ለምንዎ ነው?" አልኳቸው።

"ከነዚያ ሰዎች ቤት ውሃ የምቀምስ መሰለህ?" አሉኝ። "እኔ ለዓይን ነው የምሄድ፣ ለሆድ አይደለም።"

ሚኒባሱ እንደ ልማዱ ሰው በሰው ላይ ጭኖ ተነሳ። ጋፋት አጠገብ ስንደርስ ጎማው ፈነዳ። ያ ሁሉ መድፍ በተሠራበት አገር አንድ ክሪክ ጠፍቶ ወንዶቹ መኪናውን በትከሻቸው አንስተው ያዙት። አያ ውብሸት ጀሪካናቸውን ታቅፈው ዳር ቆሙ፤ "ገና ሳንደርስ ጀመረችን" ይላሉ። እብናት ከሰዓት ገባን። እኛ ዘንድ ጋቢ በጋቢ የሚደረብበት ሰዓት ነው፣ እዚያ ግን ሰዉ በሸሚዝ ነው የሚሄድ። ከተማው በእህል ነጋዴና በፍየል ነጋዴ ተሞልቶ አልጋ ብንፈልግ አጣን። አንዲት ባለ ሻይ ቤት አዘነችልን፤ ከራሷ ጓዳ መደብ ላይ አነጠፈችልን። የት እንደምንሄድ ስትሰማ ደነገጠች፣ ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ ደግሞ ለስንቅ ዳቦ ቆሎ ቋጠረችልን። "እመቤቲቱን ካገኛችኋት ሰላም በሉልኝ" አለችን። አያ ውብሸት ቀልዱን አልወደዱትም።

አርብ ገና በማለዳ ወጣን። የኛ አገር መንገድ ሲሆን በባሕር ዛፍ መካከል ነው፣ ጥላ አለው። ይሄ ግን ድንጋይና ቁጥቋጦ ብቻ ነው፤ ወርደህ ወርደህ መሬቱ ያለቀ ሲመስልህ ማዶ ያለው ዳገት ይጀምራል። አያ ውብሸት ጀሪካኑን ላግዝዎ ብላቸው አልሰጥም አሉ። ቁልቁለቱ መካከል ላይ ጠጠር አዳለጣቸው። እሳቸው በእግዚአብሔር ቸርነት በመቀመጫቸው ነው ያረፉ፤ ጀሪካኑ ግን እየነጠረ ወርዶ ከድንጋይ ጋር ተላተመና ተሰነጠቀ። ውሃው አፈር ውስጥ ሲሰርግ ሁለታችንም ቆመን አየነው።

ዳገቱን ስንጀምር ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። ከላይ አንዲት ሴትዮ ከምንጭ ቀድተው እንስራ አዝለው ወደኛ ሲመጡ አየን፤ ደልደል ያሉ፣ ፊታቸው የሚያበራ። እንግዳ መሆናችንን አይተው ሳንጠይቃቸው እንስራውን አወረዱ። "መንገደኞች፣ ደክማችኋል፤ ውሃ ቅመሱ" ብለው በቅል ቀዱልን። ማን እንደሆኑ ጠየቅኳቸው፤ "ጥሩ እባላለሁ፤ ቤታችን ከግንቡ ሥር ነው" አሉ። የየሺ እናት ናቸው ማለት ነው።

አያ ውብሸት ቶሎ ብለው፣ "አርብ አይደለም እንዴ፣ ጾም ነን" አሉ።

እኔ ግን ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቆ ነበር። ፍርሃቴንም ጾሜንም ጥሜ አሸነፈውና ጭልጥ አድርጌ ጠጣሁ። አያ ውብሸት እንደ ሟች ነው ያዩኝ። ከዚያ በኋላ እስከ ግንቡ ድረስ በየእርምጃው አፍንጫዬን እዳብስ ነበር።

ግንቡ ጉብታ ላይ ነው። ጣሪያው ወድቋል፣ በአንደኛው ክብ ማማ ውስጥ የሾላ ዛፍ በቅሎ ቅርንጫፉን በመስኮት አውጥቷል። ኖራው ግን እስከ ዛሬ ጥርስ የመሰለ ነጭ ነው። በር ላይ ተቀምጬ ከእግሬ እሾህ ሳወጣ አያ ውብሸት አጠገቤ የሉም። ብፈልጋቸው ግቢው ውስጥ ከጥንቱ የውሃ ገንዳ ዳር ተንበርክከው በመዳፋቸው እየጨለፉ ይጠጣሉ። ጢማቸው ይንጠባጠባል። ጾም ነን ያለው አፍ ነው እንግዲህ።

"ይሄ የማንም ውሃ አይደለም" አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ። "የዝናብ ውሃ ነው፣ የእግዜር ነው።"

ማደሪያችን ቄስ ፀጋ ቤት ነበር፤ የአካባቢው ደብር አገልጋይ ናቸው፣ ትውልዳቸውም ከግንብ ሥር ሰዎች ስላልሆነ አያ ውብሸት ቤታቸውን አልፈሩም። የማሽላ እንጀራ በሽሮ አቀረቡልን። የኛ ሰው ከጤፍ ሌላ እህል ያለ አይመስለውም፤ ያ ማሽላ ግን ትኩስ ሲሆን ለብቻው ይበላል። ባለቤታቸው እግራችንን አጠቡን፤ የራሳቸውን አልጋ ለቀው እነሱ መሬት ላይ ተኙ። "ኧረ አይሆንም" ብንል ማን ሰምቶን።

ቅዳሜ በጠዋት ነጭ በነጭ ለብሰን፣ ዘንግ ይዘን የየሺ አባት የአቶ ካሴ ደጅ ቆምን። ቄስ ፀጋም አብረውን ናቸው። ሽማግሌ ጥያቄው ሳይመለስለት እንደማይቀመጥ፣ እህል ውሃም እንደማይቀምስ የታወቀ ነው። አቶ ካሴ ወጡ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ዓይናቸው የማያርፍ ሰው ናቸው። ግቡ አሉን። አያ ውብሸት ከደጅ ሆነው በወጉ ተናገሩ፤ ልጃችሁን ለልጃችን አሉ።

አቶ ካሴ ወደ ጓዳ ዞሩ። ከዚያ፣ "ጥሩ" ብለው ሚስታቸውን ተጣሩ፤ "ለእንግዶቹ ውሃ አምጪ።"

"እንዴ" አሉ አያ ውብሸት፣ "ወጉ አይፈቅድም። ጥያቄያችን ይመለስልንና።"

"ወጉን አውቀዋለሁ" አሉ አቶ ካሴ። "እናንተ በመጣችሁበት አገር የኛ ስም ምን እንደሆነም አውቃለሁ። ታላቋን ልጄን ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎች ወጉን ይዘው እዚህ ደጅ ቆሙ፣ ውሃችንን ሳይቀምሱ ሄዱ፣ በዚያው ቀሩ። እሷም ሳታገባ እዚሁ አለች። አሁን የሺን የምሰጠው ከቤቴ ውሃ ለሚጠጣ ሰው ነው። የእናቷን እጅ የፈራ የሷን እጅ እንዴት አድርጎ ይበላል? መጀመሪያ ጠጡ፣ ከዚያ እመልሳለሁ።"

"መጀመሪያ ይመልሱ፣ ከዚያ እንጠጣለን" አሉ አያ ውብሸት።

ወይዘሮ ጥሩ ዋንጫውን ይዘው በር ላይ ቆሙ። ማንም አልተቀበላቸውም። ልቀበል እጄን ስዘረጋ አያ ውብሸት በዘንጋቸው እግሬን ነካ አደረጉኝ፤ ቃሉ የሳቸው ነውና እኔ ብጠጣ ዋጋ የለውም። ቄስ ፀጋ መካከል ገብተው ለሰኞ ቀጠሮ አስያዙ እንጂ ነገሩ እዚያው ሊያበቃ ነበር። ስንመለስ ተናደድኩ። "የሰው ልጅ ሕይወት ይዘው በወግ ይጫወታሉ?" አልኳቸው። ዘንጋቸውን እየወጉ ቀደሙኝ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቄስ ፀጋ ግንቡን እንድናይ ወሰዱን። ለእረፍት ቤተሰቧ ጋ የመጣችው የሺም ከታናናሾቿ ጋር እዚያ አገኘችን፤ ለአማቾቿ ሽማግሌዎች አንገቷን ደፍታ ሰላምታ ሰጠችን። ሰዎች ስለ ግንቡ ውበት ብዙ እንድጽፍ ይጠብቁ ይሆናል። ደረጃው ጠመዝማዛ ነው፣ ውስጡ የሌሊት ወፍ ይሸታል፣ ከማማው ላይ ሲቆሙ ግን ጉና ተራራ በሩቁ ይታያል። በአገሩ ሁሉ የስልክ ኔትወርክ የሚገኘው ማማው አናት ላይ ብቻ ነው፤ ደም ጠጪዋን የማይፈራ ሰው ብቻ ይደውላል ማለት ነው። አያ ውብሸት ከማማው ደጅ አላለፉም።

ስንወርድ ወደ ገንዳው ሳይ የሺ ፈገግ አለች።

"ጋሼ፣ ከዚህ ውሃ እንዳትጠጡ፤ አልቅት ሞልቶታል" አለችኝ። "ከብቶቹን እንኳ እናርቃቸዋለን። መንገደኛው እኛን ይፈራና ቤታችን አይገባም፤ ጠምቶት ከዚህ ይጠጣል። አልቅቷ ጉሮሮው ውስጥ ታድግና ደም ስታስተፋው 'እመቤቲቱ ጠጣችኝ' ይላል። እንነግራቸዋለን፣ ማን ይሰማናል? እኛማ ስለማንጠጣ አንታመምም፤ አለመታመማችን ራሱ ወንጀል ሆነብን።"

ዞር ብዬ አያ ውብሸትን አየኋቸው። ሰምተዋል። "የሰበብ ብዛት" ብለው ጋቢያቸውን ተከናንበው ሄዱ። ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በየደቂቃው ጉሮሯቸውን ሲያጠሩ ሰማኋቸው።

ሰኞ ጠዋት የአያ ውብሸት ጩኸት ቀሰቀሰኝ። ጋቢያቸው ላይ ደም አለ፣ ከአፍንጫቸውም ይወርዳል። "ጠጣችኝ! ቢያድጌ፣ ጠጣችኝ!" ይላሉ። ነጭ ሽንኩርቱን ከአንገታቸው በጥሰው ጣሉ፤ ለልጆቻቸው ኑዛዜ ጀመሩ፤ የእርሻ በሬያቸውን ለማን እንደሰጡ ሁሉ ሰማሁ። በዚያው ተነስተው ወደ ደብረ ታቦር ካልሄድኩ አሉ።

ፊታቸው ቆምኩ። ከታላቅ ጋር እንዲያ ተናግሬ አላውቅም።

"አያ ውብሸት፣ እንዲህ ደም እየወረደዎ አስናቁ ቤት ከገቡ የሙሉቀን ትዳር አለቀ። የነዚህ ሰዎች ስምም እስከ ልጅ ልጅ አለቀ። ውሃውን ከገንዳው ሲጠጡ በዓይኔ አይቻለሁ። ከወይዘሮ ጥሩ እጅ የጠጣሁት እኔ ነኝ፤ ይኸው ደህና ነኝ። ኑ እንሂድ፤ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።"

ዓይናቸው እንባ ሞላ። "እፈራለሁ" አሉ፣ እንደ ልጅ። እጃቸውን ይዤ ወሰድኳቸው።

አቶ ካሴ ከደጅ አዩን። ደስ ሊላቸው ይችል ነበር፤ አልሆነም። "አይዞዎ፣ አይዞዎ፣ ግቡ" ብለው ደግፈው ከመደብ ላይ አስቀመጧቸው። የሺ እጮኛም እሷ፣ ሽማግሌም እኛ መሆናችንን ረስታ ራሳቸውን ወደ ብርሃን አዞረች፤ አፍንጫቸው ውስጥ አየች። "አልቅቷ አለች" አለች። "እስከ ከሰዓት ውሃ አይቅመሱ። ሲጠማዎ እሷም ይጠማታል።"

ያ ቀን እንዴት ረዘመ! ወይዘሮ ጥሩ እኔን ሊያበሉኝ ቢሉ አያ ውብሸት እየተጠሙ አፌ አልከፈት አለ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ወይዘሮ ጥሩ ከምንጭ የተቀዳ ቀዝቃዛ ውሃ በገበቴ ሞልተው አመጡና ራሳቸው ያዙት። አያ ውብሸት አጎነበሱ፤ አፍንጫቸው ውሃውን ሊነካ ምንም አልቀረውም። የሺ እንዳያዳልጣት ጣቶቿን አመድ ነክራ ጎናቸው ተንበረከከች።

አንዲት ጥቁር ነገር ከአፍንጫቸው ብቅ አለች፣ ተመለሰች። እንደገና ብቅ አለች፤ ውሃውን ፈልጋ ተዘረጋች። የሺ ለቀም አድርጋ ያዘቻት። ሳትቸኩል፣ ሳትጎትት፣ ቀስ እያደረገች አወጣቻት። ትንሿ ጣቴን ታክላለች፣ በደም ተነፍታለች። የሺ በፕላስቲክ ጠርሙስ ከታት ስትንፈራገጥ አያ ውብሸት ቀና ብለው አዩዋት።

"ይቺ ናት?" አሉ። "ዕድሜ ልኬን የፈራኋት እመቤት ይቺ ናት?"

ከዚያ ጉሮሯቸውን ያዙና ወደ ወይዘሮ ጥሩ ዞሩ። "እሜቴ" አሉ፣ "ውሃ ይስጡኝ።"

ወይዘሮ ጥሩ ያንኑ የቅዳሜውን ዋንጫ አጥበው ቀዱ። አያ ውብሸት ተነስተው በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፤ እስከ መጨረሻው ጠብታ ጠጡ፤ ደገሙ። አቶ ካሴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቆዩ። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል።

"መልሴን ልስጥ" አሉ። "ልጄን ሰጥቻለሁ።"

ወይዘሮ ጥሩ እልል አሉ። ጎረቤቱ ሁሉ ምን መጣ ብሎ ወጣ። እኔ በደስታ ዘለልኩ፤ ጉልበቴ ለሳምንት አመመኝ፣ ግን አልጸጸትም። አያ ውብሸት የደም ነጠብጣብ ባለበት ጋቢያቸው ወደ ግንቡ ሮጡ ማለት ይቻላል። ከደጅ አላልፍም ያሉት ሰውዬ ያን ጠመዝማዛ ደረጃ ወጥተው ከማማው አናት ስልካቸውን ከፍ አድርገው ሲጮኹ ሰፈሩ በሙሉ ሰማ።

"አስናቁ! ደም ጠጪዋን ይዣታለሁ! በጠርሙስ አለች! ልጅቱ ናት የያዘችልኝ! ድግሱን ጀምሪ!"

ማክሰኞ ወይዘሮ ጥሩ ለስንቅ በሰጡን ዶሮና ማር ተጭነን ተመለስን። በፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ያለችው አልቅት ከኛ ይልቅ ተከበረች። የእብናቷ ባለ ሻይ ቤት አይታ ከሳቋ ብዛት ተቀመጠች፤ ሚኒባሱ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ዞረች። የደብረ ታቦር ብርድ ሲቀበለን ጋቢያችንን ደረብን፤ እኔ ግን አልበረደኝም። አስናቁ ጠርሙሱን ለረጅም ጊዜ ይዛ አየችው። "በዚህች?" አለች ቀስ ብላ። "በዚህች ነው ያን ሁሉ ሰው ስንፈራ የኖርነው?" አምና ይሁን አላምን ብላ ከፊቷ ማወቅ አልቻልኩም።

ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ሆነ። ካባውን እኔ ሰፋሁት፤ ለየሺ ልክ ሆነላት። የግንብ ሥር ሰዎች ያን ሁሉ መንገድ መጥተው ዳሱ ውስጥ አንድ ጥግ ላይ ተሰብስበው ተቀመጡ። ከኛ ወገን አንዳንዱ አጠገባቸው መቀመጥ ፈርቶ ቦታው ክፍት ነበር። ወይዘሮ ጥሩ ከአገራቸው ያመጡትን ጠላ በዋንጫ ቀድተው ተነሱና ወደ አስናቁ መጡ። አያ ውብሸት ዘንጋቸውን ጨብጠው ቆሙ። እኔም ቅዳሜ ዕለት ማንም ሳይቀበለው የቀረው ዋንጫ ትዝ አለኝ።

አስናቁ ብድግ ብላ ዋንጫውን ተቀበለች። አንድ ጊዜ አየችው። ከዚያ ሳታቋርጥ እስከ ታች ጨለጠችውና ሁሉም እንዲያየው ዘቅዝቃ ያዘችው። ሄዳ ከነዚያ ሰዎች መካከል፣ ክፍት ከነበረው ቦታ ላይ፣ ሳታገባ ከቀረችው ከአቶ ካሴ ታላቅ ልጅ ጎን ተቀመጠች።

"እህቴ ጥሩ" አለች ዋንጫውን መልሳ እየዘረጋች፣ "ድገሚኝ።"